ከተለወጠው ሁሉ ይበልጥ የሚታያችሁ የቱ ነው?

ዘመን ተሻጋሪ

እዚህ መድረክ ላይ ስለ ድሮ ኑሮ በተነሣ ቁጥር ወሬው ወደ ዕቃ ይሮጣል። ያኔ ይህ አልነበረም፣ አሁን ያኛው መጣ። የዕቃውን ዝርዝርማ ማንም ያውቀዋል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት የዕለት ኑሯችንን ከሥሩ የለወጠው ምንድን ነው ትላላችሁ? አንድ ብቻ ምረጡ፤ ሁለት የመረጠ አይቆጠርለትም።

እኔ መጠበቅን እመርጣለሁ። ደብዳቤ የጻፈ ሰው መልሱን ለሳምንታት ይጠብቃል። ዜና የፈለገ ሰዓቱ እስኪደርስ ሬዲዮው አጠገብ ይቀመጣል። የሚወደውን ዘፈን መቅዳት የፈለገ ጣቱን መቅጃው ላይ አድርጎ ያደፍጣል፤ ዘፈኑ ሲመጣ ደግሞ አቅራቢው መሐል ገብቶ ያወራበታል። መጠበቅ ራሱን የቻለ ችሎታ ነበር፤ የሚችሉበትም የማይችሉበትም ሰዎች ነበሩ። ዛሬ አንድ ገጽ ለመከፈት ጥቂት ሴኮንድ ከዘገየ መሣሪያውን እንራገማለን። ትዕግሥት ያጣነው ስለከፋን አይመስለኝም፤ የምንለማመድበት ስላጣን ነው።

አልስማማም

መጠበቅ መቼ ጠፋና ነው ወንድሜ? ድሮ ደብዳቤዬን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከከተትሁ በኋላ ነገሩን እረሳው ነበር። መልሱ ዛሬም ነገም እንደማይመጣ ስለማውቅ ሥራዬን እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። አሁን መልእክት እልካለሁ፤ ደረሰ ይለኛል፣ ተነበበ ይለኛል፣ መልስ ግን የለም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 እነዚያን ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች ካመጣብን ወዲህ ስንት ወዳጅነት እንደተናጋ ፈጣሪ ይቁጠረው። የዛሬው አሥር ደቂቃ ከድሮው ሦስት ሳምንት ይረዝማል።

ደግሞ “የድሮ ሰው ታጋሽ ነበር” የሚለውን ተረት ተዉት። ምርጫ ስላልነበረን ነው የጠበቅነው። ቁጡው ያኔም ቁጡ ነበር፤ የሚቆጣበት ነገር ብቻ ነው የተለወጠው።

ተማሪዋ

ጋሽ ዘመን ተሻጋሪ፣ ጥያቄዎ ደስ ይላል። ከመምረጤ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትስቁብኝ። የእጅ ስልክ ሳይኖር ሰው ከሰው ጋር እንዴት ነበር የሚገናኘው? አንዱ ቢዘገይስ? ቦታው ቢጠፋውስ? ድንገት ቢታመምስ? እኔና ጓደኞቼ ቀጠሮ ይዘን እስክንገናኝ ድረስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንደዋወላለን፤ “ወጣሁ”፣ “ደረስሁ”፣ “የት ነሽ?”።

የጽሕፈት መኪና

ምን ያስቃል ልጄ? እንዲህ ነበር። ቀንና ሰዓት እንቆርጣለን፤ ቦታውንም “ከዋናው በር በስተግራ፣ ከትልቁ ሰዓት ሥር” ብለን አጥርተን እንለያያለን። ከዚያ በኋላ መለወጥ የለም። የቀጠርሽው ሰው ከቤቱ ከወጣ ሰማይ ቢደፋ አታገኚውም። ቢዘገይ ትንሽ ትታገሺዋለሽ፤ ካልመጣ ለምታውቂው ሰው ቃል ትተሽ ትሄጃለሽ። የቀረው ሰው በማግሥቱ መጥቶ ምክንያቱን ይናገራል፤ ምክንያቱም እውነተኛ ቢሆን ይሻለው ነበር፣ ፊትሽ ቆሞ ነዋ የሚናገረው። በጽሑፍ መልእክት “ይቅርታ፣ ዛሬ አልመጣም” ብሎ በመጨረሻው ደቂቃ መቅረት የሚባል ምቾት አልተፈጠረም።

ስልክ ያለው ቤትም ቢሆን ስልኩ የቤት እንጂ የሰው አልነበረም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ሁሉም ይሰማዋል። ስትደውዪ ማን እንደሚያነሣው አታውቂም። ጓደኛሽን ፈልገሽ አባቷ ቢያነሡ ሰላምታ አቅርበሽ፣ ማን እንደሆንሽ ተናግረሽ፣ ፈቃድ ጠይቀሽ ነው። ያን ጊዜ ከማታውቂው ትልቅ ሰው ጋር መነጋገርን በአሥር ዓመትሽ ትለምጂዋለሽ። የልጅ ልጆቼ ግን የማያውቁት ቁጥር ከሆነ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ይሞታል እንጂ አያነሡትም።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ያኔ የምንደውለው ለቦታ ነበር፣ አሁን የምንደውለው ለሰው ነው። ሰውየው የትም ይሁን የት።

ጠጋኙ

እትዬ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው። ጣት አስገብተው የሚያዞሩትን ስልክ ብዙ ጊዜ ፈትቻለሁና ለልጅቷ ጥቂት ልጨምርላት። መደወያው ሲመለስ መስመሩን እየቆራረጠ ምት ይልካል፤ አንድን ስታዞሪ አንድ ምት፣ ዘጠኝን ስታዞሪ ዘጠኝ፣ ዜሮን ስታዞሪ ደግሞ አሥር። ዘጠኝና ዜሮ የበዛበትን ቁጥር መደወል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መጨረሻው ላይ ከተሳሳትሽ ከመጀመሪያው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1947 የአካባቢ መለያ ቁጥር ሲደለድሉ ለኒው ዮርክ 212፣ ለሎስ አንጀለስ 213፣ ለቺካጎ 312 የሰጡት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚደውልበት ከተማ ቶሎ የሚዞር ቁጥር ይሰጠው አሉ።

ለዚህም ይመስለኛል ቁጥሮቹ እስካሁን ከጭንቅላቴ ያልወጡት። ጣት ያስታውሳል። የልጅነት ጓደኛዬን ቤት ቁጥር ዛሬም ልነግራችሁ እችላለሁ፤ የባለቤቴን ቁጥር ግን ስልኬን ሳልከፍት አልችልም፤ ይህን እሷ እንዳታነብብኝ።

ፊልም አጣቢ

ጋሼ “ፎቶ” የሚለውን ሳይጠቅስ በማለፉ ቅር ብሎኛል፤ የእኔ እንጀራ ነበርና።

ፊልም አንድ ጥቅል 24 ወይም 36 ፎቶ ነው። ስለዚህ ሰው ከማንሣቱ በፊት ያስባል። ፀሐዩ ከየት ነው? ዓይኑን የጨፈነ አለ? ጠቅ ካለ በኋላ ምን እንደወጣ ማንም አያውቅም። ፊልሙን በድፍን ጨለማ፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ፣ ማጠቢያው ጥቅል ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ አንድ ጭረት ብርሃን ከገባ የአንድ ቤተሰብ ሠርግ ተቃጠለ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ሲታተም ግን ቀይ መብራት ይፈቀዳል። ነጩ ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ገብቶ ሳሕኑ በቀስታ ሲወዛወዝ መጀመሪያ ጥቁሩ ፀጉር ይመጣል፣ ቀጥሎ የዓይን ብሌን፣ ቀጥሎ የልብሱ ጥላ፤ ፊቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚሞላው። ሥራ ላይ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ ይህን ማየት አልሰለቸኝም።

የሚገርመው፣ ይህን ሥራ የገደለው ነገር የተወለደው ከራሱ ከፊልሙ ቤት ነው። ስቲቭ ሳሰን የሚባል ወጣት መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1975 ኮዳክ ውስጥ ያለ ፊልም የሚያነሣ ካሜራ ሠራ። ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል አለፍ ይላል፤ አንድ ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ምስሉን ለማየት ቴሌቪዥን ያስፈልጋል። አለቆቹ ፊልም የሚሸጡ ሰዎች ነበሩና ብዙም አልጓጉለትም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

አሁን ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኗል፤ አልቀናም። ግን ሰዎች ስልካቸውን ይዘው “የእናቴን ፎቶ አሳትምልኝ” ብለው ይመጡና ከሺዎች መካከል አንዱን መርጠው ማውጣት ያቅታቸዋል። ያኔ ፎቶው አንድ ብቻ ስለነበር የትኛው ነው ብሎ መጨነቅ አልነበረም።

አልስማማም

ለፊልም አጣቢ፦ ውብ ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን ያ “ከማንሣቱ በፊት ያስባል” የምትለው ሰው ካሜራ ያለው ሰው ነው። ብዙው ሰው የአያቱን መልክ የማያውቀው ለምን ይመስልሃል? ፎቶ ብርቅ መሆኑ ለአንተ ጥሩ ነበር። አንድም ምስል ሳይቀርለት ያለፈ ሰው ግን ተቆጥሮ አያልቅም።

ነርሷ

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብሁ፤ ስልክ፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ። እኔ የምመርጠው ግን በዓይን የማይታይ ነው፦ የልጆች አለመሞት።

እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም ላይ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት ሕፃናት ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በ2022 ቁጥሩ ከ5 ሚሊዮን በታች ወርዷል፤ ያውም የዓለም ሕዝብ በብዙ ጨምሮ። ይህ ከየትኛው መሣሪያ ያንሳል? ድሮ እናት “ስንት ልጆች አሉሽ?” ስትባል “ስንት ወለድሽ?” የሚለው ለብቻው ይጠየቅ ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው።

ለውጡ የመጣው ደግሞ በትልልቅ ማሽን አይደለም። የተቅማጥ ሕፃን የሚሞተው ሰውነቱ ስለሚደርቅ ነው። ስኳር ካለ አንጀት ጨውን፣ ጨውን ተከትሎም ውኃን ይመጥጣል። ይህን ይዘው ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በኮሌራ ሲያልቁ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅባቸው ጨውና ግሉኮስ በውኃ በጥብጠው በበርሜል አቀረቡ፤ ቤተሰብ ራሱ በኩባያ ያጠጣ ነበር። በመጠለያው ሠላሳ በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ አራት በመቶ ግድም ወረደ። ያ ውሕድ ዛሬ በትንሽ ከረጢት ታሽጎ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጣል፤ ማንም እንደ ተአምር አያየውም።

ክትባቱም እንዲሁ ነው። ክንዳችሁ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ ያላችሁ ሰዎች ልጆቻችሁን ተመልከቱ፤ የላቸውም። በሽታው በተፈጥሮ መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ የዓለም ጤና ጉባኤ በሜይ 1980 ከምድር ጠፍቷል ብሎ አወጀ። ለስንት ሺህ ዓመት ሰውን ሲፈጅ የኖረ ነገር በእናንተ ዕድሜ ጠፋ፤ እዚህ ውይይት ላይ ግን እስካሁን አንድ ሰው አላነሣውም። መጥፋቱን የምናውቀው እኛ፣ ያልሞትነው ነን፤ ያልሞተ ሰው ደግሞ ይረሳል።

ዘመን ተሻጋሪ

እህቴ ነርሷ፣ እኔም ጠባሳው ያለኝ ነኝ፤ ደህና አድርገሽ አስታወስሽን። ጥያቄውን የጠየቅሁት ለዚህ ነበር፤ ሰው የቀረለትን መከራ ሳይሆን የቀረበትን ምቾት ነው የሚቆጥረው።

ጠጋኙ

አሁን ደግሞ የእኔን። እኔ ጥገናን እመርጣለሁ።

አሮጌ ሬዲዮ ስትከፍቱ ጀርባው በብሎን ነው የተያዘው። ካቻቢቴ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ላይ የሙሉው የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል ተለጥፎ ታገኛላችሁ፤ ፋብሪካው ለጠጋኙ የጻፈው ደብዳቤ ነው ልንለው እንችላለን። የዛሬው ስልክ ግን በሙጫ የታሸገ ነው። ለመክፈት ሙቀት፣ ለመለያየት ቀጭን ላስቲክ፣ ባትሪውን ለማውጣት ጸሎት ያስፈልጋል። ሰው “ተበላሸ” ብሎ ያመጣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ባትሪ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊቀይረው የሚችል መሆን አለበት የሚል ሕግ አውጥቷል፤ ልዩ ሁኔታዎች አሉት፣ ግን ጅምሩ መልካም ነው።

አልስማማም ሳይቀድመኝ እኔው ልናገር፦ ዕቃ ቶሎ እንዲያረጅ ማድረግ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ትልልቆቹ የአምፖል ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1924 ጄኔቭ ላይ ተስማምተው የአምፖልን ዕድሜ ወደ አንድ ሺህ ሰዓት አውርደውታል፤ ከዚያ በላይ የሚበራ አምፖል ያወጣ ፋብሪካ ይቀጣ ነበር። ልዩነቱ የድሮው ሰው በዚህ መቆጣቱ፣ የዛሬው ደግሞ አዲስ ለመግዛት ሰበብ ማግኘቱ ነው።

አልስማማም

ስለ አምፖሉስ እስማማለሁ። (ይህን ቃል እዚህ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጽፍ አልቀረሁም።)

ተማሪዋ

እትዬ የጽሕፈት መኪና፣ ስምዎ ከሥራዎ ነው የመጣው? የጽሕፈት መኪና ላይ ስሕተት ሲሠሩ እንዴት ነበር የሚያጠፉት?

የጽሕፈት መኪና

አዎ ልጄ፣ ጡረታ እስክወጣ ጸሐፊ ነበርሁ። ስሕተትማ ቅጣት ነበር። አንድ ደብዳቤ ሦስት ቅጂ ከተፈለገ በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን አስገብተሽ በኃይል ትመቺያለሽ፤ ኃይል ካነሰሽ ሦስተኛው ቅጂ ደብዝዞ ይወጣል። የሳትሽ እንደሆነ ዋናውንም፣ እያንዳንዱን ቅጂም ለየብቻ ትፍቂያለሽ። አለቃ ደግሞ ፈርሞ ሊያበቃ ሲል “ይህችን አንቀጽ ወደ ላይ ብናወጣትስ?” ካለ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ስለዚህ አለቆች አስበው ይናገሩ ነበር፤ ቢያንስ ደህናዎቹ።

ያ ነጭ ማጥፊያ ቀለም አለ አይደል? እሱን የፈጠረችው ቤቲ ኔስሚዝ ግራሃም የምትባል አሜሪካዊት የባንክ ጸሐፊ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሠዓሊዎች ስሕተታቸውን በላዩ ቀብተው ሲያልፉ አይታ፣ ቀለም በትንሽ ጠርሙስ ይዛ ቢሮ ገባች። ከእኛው መካከል የወጣች ናት ብለን እንኮራባት ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሥራችን ይቀልላል ተባለ። ፊደሉ ቀለለ፣ ሥራው በዛ። ማረም ቀላል ሲሆን አለቃው ሃያ ጊዜ አሳረመ። በኋላ ደግሞ አለቃው ራሱ መጻፍ ጀመረና ጸሐፊዋ ቀረች። የቤት ሥራም እንዲሁ ሆኗል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እጃችንን አሳርፎልናል፣ እግዜር ይስጠው፤ ግን በሳምንት አንዴ ይለወጥ የነበረው ልብስ በየቀኑ መለወጥ ጀመረ።

የመድረኩ አስተባባሪ

ስለ ፖለቲካ የተጻፉ ሁለት መልሶች ተነሥተዋል። በርእሱ እንቆይ።

ነርሷ

እትዬ ስለ ስልክ ካሉት ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። ጋሼ መጠበቅ ጠፋ አለ፤ አልስማማም አልጠፋም አለ። እኔ እንደሚመስለኝ የጠፋው አለመገኘት ነው። ተረኛ ስሆን ስልኬ ቢጮኽ ደንብ ነው። አሁን ግን ተረኛ ያልሆነ ሰው የለም። መምህሩን ወላጅ በሌሊት ይጠይቀዋል፣ ሠራተኛውን አለቃው በእረፍቱ ቀን ይጽፍለታል። ስልክ መዝጋት እንደ ድፍረት ተቆጥሯል። ድሮ ከሥራ የወጣ ሰው ወጣ ነው፤ ፈልገህ አታገኘውም፤ ማንም አይቀየመውም።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ ከሥራ ሰዓት ውጭ ላለመገኘት መብት ሕግ አውጥታለች፤ አውስትራሊያም በኦገስት 2024 ተከትላለች። ቀድሞ ማንም ሳይሰጠን የነበረንን ነገር አሁን በሕግ እየጠየቅን ነው።

ተማሪዋ

ይህን ሳነብ ቅር አለኝ፤ ምክንያቱም ያላችሁትን ነገር አላውቀውም። እኔ የማልገኝበት ሰዓት ኖሮኝ አያውቅም። ስልኬ ባትሪ ሲያልቅ እናቴ ለሦስት ሰው ትደውላለች። ስለዚህ ምርጫዬ የነርሷ ነው፤ ሁለተኛውን ማለቴ ነው፣ ጋሼ እንዳይሰርዝብኝ።

ግን ፍትሕ ለማድረግ ያህል፦ በማላውቀው ከተማ ብቻዬን በሌሊት መንገድ ስሄድ ካርታው ኪሴ ውስጥ ስላለ አልፈራም። እናንተ ስትጠፉ ማንን ነበር የምትጠይቁት?

አልስማማም

መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው። እሱም ሳያውቅ ላለማፈር ሲል በልበ ሙሉነት የተሳሳተ አቅጣጫ ያሳየን ነበር። የካርታ መሣሪያው ያለ ጥርጥር ይሻላል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2000 ድረስ የጂፒኤስን ምልክት ለሲቪሉ ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ መቶ ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። ማዛባቱ በአንድ ሌሊት ሲቆም ትክክለኛነቱ አሥር እጥፍ ያህል ተሻለ። የዛሬው የመኪና ካርታ ሁሉ በዚያች ሌሊት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ አንቺ ልጅ፣ አትዘኚ፤ ላለመገኘት ከፈለግሽ ስልክሽን ቤት ትተሽ መውጣት ነው፣ እናትሽን አስፈቅደሽ።

ፊልም አጣቢ

ከርእስ ትንሽ ልውጣ፣ አስተባባሪው ይታገሠኝ። ጋሼ ከሬዲዮ መቅዳት ብሎ ሲያነሣ ትዝ አለኝ። የሟች አባቴ ድምፅ ያለበት ካሴት አለኝ፤ ማጫወቻው ውስጥ ስከተው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። ወደ ኮምፒውተር ማስገባት እፈልጋለሁ። ጠጋኙ፣ ምን ታደርግ ነበር?

ጠጋኙ

መጀመሪያ ደጋግመህ ማጫወቱን አቁም፤ የካሴቱ ጥብጣብ አርጅቶ ከሆነ በየጊዜው ይለጠጣል። ማጫወቻው ይሁን ካሴቱ የታመመው ለማወቅ ሌላ የማትሳሳለትን ካሴት ሞክር። ያም ከተንቀጠቀጠ ችግሩ የማሽኑ የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ ሲያረጅ ይላላል፣ ይቀየራል። አንባቢውን ጭንቅላትና ጎማዋን መንኰራኩር በጥጥና በአልኮል ጥረግ፤ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ አትደንግጥ። ከዚያ የአባትህን ካሴት መልሰህ በእርሳስ ቀስ ብለህ አጥብቅ። ውስጡ ያለችው ትንሽ መደገፊያ ስፖንጅ ከነቅጠሏ ወድቃ ከሆነ ከሌላ ካሴት ማውጣት ይቻላል፤ ብሎን ያለው ካሴት ከሆነ ይቀላል፣ የተጣበቀ ከሆነ ግን አንተ አትክፈተው።

መቅዳቱ ቀላል ነው። ከማጫወቻው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ገመድ ትዘረጋለህ፤ ድምፁን መሐል ላይ አድርገህ ሳይጨመቅ፣ በዋቭ (WAV) ፋይል ቅዳው። ጩኸቱን ለማጽዳት አትቸኩል፤ መጀመሪያ እንዳለ ይቀመጥ። ዋናውን ካሴት እንዳትጥል፣ የኋላዋን ትንሽ ክዳንም ስበርለት፤ ማንም በላዩ እንዳይቀዳበት።

ፊልም አጣቢ

ክዳኗ ቀድሞውኑ ተሰብራለች። አባቴ ነው የሰበራት መሰለኝ። ሌላ ካሴት ፈልጌ ልሞክረውና እነግራችኋለሁ።